ጥቁርና ነጭ ቴሌቪዥን ይዞ የመጣ ደንበኛ

ጥገና ሱቅ ያላችሁ ሰዎች ይህን ደንበኛ ታውቁታላችሁ። በብርድ ልብስ የተጠቀለለ ከባድ ዕቃ በባጃጅ ጭኖ ይመጣና ጠረጴዛችሁ ላይ ያሳርፈዋል። አንዳንዴ ከአባቱ የወረሰው ነው። አንዳንዴ ምግብ ቤት ከፍቶ ግድግዳውን በድሮ ዕቃ የሚያስጌጥ ነጋዴ ነው፤ አልፎ አልፎም የደርግን ዘመን ታሪክ የሚቀርጽ የፊልም ቡድን ይልከዋል። ሁሉም የሚጠይቁት «ይሠራል ወይ?» ብለው ነው። ያኔ ቶሎ «አዎ» ወይም «አይ፣ ይሄ ያለቀለት ነው» አትበሉ። ሁለቱም መልሶች ገንዘብ ያሳጧችኋል።

የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ሥራ የጀመረው በ1957 ዓ.ም. ነው። ባለ ቀለም ስርጭት የመጣው በ1970ዎቹ አጋማሽ ስለሆነ፣ ሃያ ዓመት ለሚጠጋ ጊዜ አገር ውስጥ የገባው ቴሌቪዥን ከሞላ ጎደል ጥቁርና ነጭ ነበር ማለት ይቻላል። ከዚያም በኋላ ቢሆን ባለ 12 ኢንቹ የፕላስቲክ ቴሌቪዥን በርካሽነቱና በመኪና ባትሪ ስለሚሠራ ለረጅም ዓመታት ሲሸጥ ኖሯል። ስለዚህ ወደ ሱቃችሁ የሚመጣው ከሁለት አንዱ ነው፦ ወይ የእንጨት ሳጥን ያለው፣ ውስጡ በቫልቭ የተሞላ ትልቅ ዕቃ፣ ወይ ደግሞ እጀታ ያለው ትንሽ ባለ ትራንዚስተር። ሁለተኛው ይበዛል፤ ለመጠገንም ይቀላል።

መጀመሪያ ደንበኛው ምን እንደሚፈልግ አስቀምጡትና አነጋግሩት። ለምግብ ቤቱ ባለቤት ምናልባት ዕቃው ቢያምር ብቻ ይበቃዋል። የፊልሙ ቡድን ለሁለት ቀን ቀረጻ ስዕል ማውጣት የሚችል ነገር ነው የሚፈልገው። የአባቱን ዕቃ ያመጣው ግን በዚያው መስታወት ላይ፣ በዚያው ድምፅ ማየት ይሻል። ሳጥኑን ባዶ አድርጎ ዘመናዊ ጠፍጣፋ ስክሪን መክተት የሚሉት ነገር አለ። እኔ ይህን የምቀበለው ፒክቸር ቲዩቡ የሞተ ወይም የተሰበረ ከሆነ ብቻ ነው። ጤነኛ ቲዩብ ያለውን ዕቃ ሆዱን ቀዶ ማስወጣት ከሙያ አይቆጠርም፤ ደንበኛው ቢለምናችሁም ሌላ ባዶ ሳጥን ፈልጉለት።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። ደንበኛው እያየ ስፒናውን ሶኬት ላይ ሰክታችሁ «እስቲ እንሞክረው» እንዳትሉ። ለዓመታት ቆጥ ላይ የተቀመጠ ቴሌቪዥን ውስጥ ያሉት ኤሌክትሮላይቲክ ካፓሲተሮች (ብዙዎቻችን ኮንደንሰር የምንላቸው) ውስጣቸው ደርቋል፤ ኤሌክትሪክ የሚያግደው ስስ ሽፋናቸውም ሳስቷል። በድንገት ሙሉ ቮልቴጅ ሲመጣባቸው እንደ ሾርት ይሆናሉ፣ ይግላሉ፣ አንዳንዴም ይፈነዳሉ። እነሱ ቢፈነዱ ግድ የለም፣ ይተካሉ። ጉዳቱ ይዘውት የሚሄዱት ነው፤ የመብራት ትራንስፎርመሩ ወይም ፍላይባኩ ከተቃጠለ ምትክ ለማግኘት ምናለሽ ተራን ጥግ እስከ ጥግ ማሰስ ሊኖርባችሁ ነው። ደንበኛው «ቤት ውስጥ ሰክቼው ትንሽ ጭስ ወጣ» ካላችሁ ዋጋውን ከዚያው ጀምራችሁ ከፍ አድርጉ።

የቫልቭ ቴሌቪዥን ሌላ አደጋ አለው፤ ይህን ብዙ ወጣት ቴክኒሻን አያውቀውም። የአውሮፓ ሥሪት የሆኑት አብዛኞቹ መግቢያ ላይ ትራንስፎርመር የላቸውም። የቫልቮቹ ማሞቂያ ሽቦዎች ተራ በተራ ተቀጣጥለው በ300 ሚሊአምፔር በቀጥታ ከ220 ቮልቱ ይሠራሉ፤ ከመብራቱ ሁለት ሽቦዎች አንዱም ከብረት ሻሲው ጋር የተገናኘ ነው። የእኛ ባለ ሁለት እግር ስፒና ደግሞ በየትኛውም አቅጣጫ ይሰካል። በአንዱ አቅጣጫ ሻሲው ኒውትራል ይሆናል። ገልብጣችሁ ስትሰኩት ግን ያው የነካችሁት ብረት 220 ቮልት ተሸክሟል። ፋብሪካው ሰውን የሚከላከለው በእንጨቱ ሳጥን፣ በፕላስቲኩ የማዞሪያ ቁልፍና በጀርባው ካርቶን ነበር። አንድ የማዞሪያ ቁልፍ ወልቆ የብረቱ ዘንግ ብቻ ከቀረ ቤት ውስጥ ያለ ልጅ ሻሲውን ነካ ማለት ነው። ስለዚህ አይሶሌሽን ትራንስፎርመር ሳይኖራችሁ የቫልቭ ቴሌቪዥን ሥራ አትቀበሉ። 220 ገብቶ 220 የሚወጣበት፣ መግቢያና መውጫው በሽቦ የማይገናኝ፣ 250 ወይም 300 ቪኤ የሚሸከም ይበቃል። ገበያ ላይ ያለው 220ን ወደ 110 የሚያወርደው ትራንስፎርመር አብዛኛው አንድ ጥቅል ብቻ ስላለው ለዚህ አይሆንም፤ ቮልቴጁን ዝቅ ቢያደርግም ከመስመሩ አያላቅቃችሁም።

ከፍተኛውን ቮልቴጅ ሁላችሁም ስለምታውቁት አላረዝመውም። ባለ 12 ኢንቹ 10 ሺህ ቮልት አካባቢ፣ ትልልቁ የቫልቭ ዕቃ 15 ሺህ ቮልትና ከዚያም በላይ ቲዩቡ ላይ ይይዛል፤ ከጠፋ በኋላም ይቆያል። እጀታው ረጅም የሆነ ካቻቢቴ ላይ ሽቦ እሰሩ፤ የሽቦውን ሌላ ጫፍ ቲዩቡን ከውጭ በቀባው ጥቁር ግራፋይት ላይ የተዘረጋው የሽቦ ጥልፍ ላይ ቆንጥጡ፤ ከዚያ ካቻቢቴውን ከላስቲኩ ቆብ ሥር አሾልካችሁ ኤሌክትሪኩን አፍስሱ። ጥቂት ደቂቃ ቆይታችሁ ድገሙት፤ የቀረ ኃይል ተመልሶ ይጠራቀማል። በትራንዚስተር ዕቃ ላይ ወደ ሰርኪት ቦርዱ አታፍስሱ፤ ጥቃቅኖቹን ትራንዚስተሮች ትገድሏቸዋላችሁ። ቲዩቡን ከሳጥኑ ስታወጡም በአንገቱ አትያዙት። አንገቱ ቀጭን ነው፣ ውስጡ አየር የለም፤ ሲሰበር መስታወቱ ፊታችሁ ላይ ይመጣል። መነጽር አድርጉ።

ዋጋ ከመናገራችሁ በፊት የምትመረምሩት ቲዩቡን ነው። ካፓሲተር አዲስ ይገዛል፣ ትራንዚስተር ተመሳሳይ ይፈለግለታል፣ ቫልቭም ቢሆን ከውጭ አገር ያረጀ ክምችት ሊገኝ ይችላል። ፒክቸር ቲዩብ ግን ዛሬ ለዚህ ዕቃ የሚያመርት የለም። በቴስተር የማሞቂያውን ሁለት እግሮች ለኩ፤ ሽቦው ከተበጠሰ ነገሩ እዚያው አብቅቷል። ካልተበጠሰ ለብቻው ኃይል ስጡት፤ በቫልቭ ዕቃ ላይ 6.3 ቮልት፣ በትንንሾቹ ላይ ብዙ ጊዜ 11 ወይም 12 ቮልት ነው፣ ቁጥሩን ቲዩቡ ላይ ከተለጠፈው አንብቡ። አንገቱ ውስጥ ብርቱካናማ ብርሃን ሲበራ ታያላችሁ። በኋላ ዕቃው ሙሉ በሙሉ ሲሠራ አንገቱ ውስጥ ሐምራዊ ጭጋግ ካያችሁ ቲዩቡ ውስጥ ጋዝ ገብቷል። የደከመ ቲዩብ ምልክቱ ሌላ ነው፦ ስዕሉ ለመምጣት አሥር ደቂቃ ይፈጅበታል፤ ኮንትራስቱን ስትጨምሩ ነጩ ነጭ መሆኑ ቀርቶ እንደ ብር ይብለጨለጫል፣ የሰውም ፊት ይደፈርሳል። እንዲህ ያለውን ቲዩብ በከፍተኛ ቮልቴጅ «ማንቃት» የሚሉ አሉ። አንዳንዴ ይነቃል፣ አንዳንዴ በዚያው ይሞታል። ከደንበኛው በጽሑፍ ፈቃድ ሳትቀበሉ አትንኩት። እኔ የደከመውን እንዳለ ትቼ ደንበኛው ማታ ማታ መብራት ቀንሶ እንዲያይ እመክራለሁ።

ከዚያ ካፓሲተር ነው። የቫልቭ ዕቃ ከሆነ በሰም ወይም በሬንጅ የተሸፈኑትን የወረቀት ካፓሲተሮች አንድም ሳታስቀሩ ቀይሩ። አንድ በአንድ እየለካችሁ «ይሄ ደህና ነው» አትበሉ፤ ቴስተራችሁ በ9 ቮልት ይለካዋል፣ እሱ ደግሞ የሚያፈስሰው 200 ቮልት ሲመጣበት ነው። በተለይ የድምፅ መውጫው ቫልቭ (ፒሲኤል 82 ወይም መሰሎቹ) ግሪድ ላይ የሚገባውን ካፓሲተር ከሁሉ አስቀድሙ። እሱ ትንሽ ሲያፈስ ግሪዱ ላይ ፖዘቲቭ ቮልት ይቀመጣል፣ ቫልቩ ከሚገባው በላይ ይስባል፣ በመጨረሻ የድምፁ ትራንስፎርመር ይቃጠላል። ሴራሚክና ማይካ የሆኑትን ተዉአቸው፤ እነሱ ብዙም አያረጁም። ኤሌክትሮላይቲኮቹን በሬዚስተር በኩል ቀስ አድርጎ እንደገና ማለማመድ ይቻላል፤ ግን ጊዜያችሁ ዋጋ ካለው በ105 ዲግሪ አዲስ ቀይሩ፣ ቮልቱ ከድሮው እኩል ወይም የበለጠ ይሁን። ደንበኛው የዕቃውን ጥንታዊ መልክ የሚወድ ከሆነ የድሮውን ቆርቆሮ ከላይ እንዳለ ትታችሁ አዲሱን ከሻሲው ሥር ደብቁለት።

አንድ ካፓሲተር በቀየራችሁ ቁጥር ፎቶ አንሱ። ሁሉንም ነቅሎ ከዚያ መመለስ የሚባል ነገር የለም፤ አንዱን ንቀሉ፣ በቦታው አዲሱን በይዱ፣ ወደ ሚቀጥለው እለፉ። ስህተት ብትሠሩ እንኳ የቱ ጋ እንደሆነ ታውቃላችሁ።

ኃይል የምትሰጡት አሁን ነው፤ ያውም በአምፖል በኩል። የድሮውን ክር ያለው አምፖል ከቴሌቪዥኑ ጋር በተርታ አገናኙ፦ ለትንሹ 60 ዋት፣ ለቫልቩ 100 ዋት፣ ሾርት እንደሌለ ካረጋገጣችሁ በኋላ 200። ኤልኢዲ አምፖል ለዚህ አይሆንም። አምፖሉ ደምቆ ከበራና ከዚያ ካልደበዘዘ ውስጡ ሾርት አለ፤ አጥፉና ፈልጉ። ለአፍታ በርቶ ከደበዘዘ ደህና ነው። የቫልቭ ዕቃ ላይ ማሞቂያዎቹ ቀስ እያሉ ይቀላሉ፣ ግማሽ ደቂቃ ያህል ምንም አይታይም፣ ከዚያ ከድምፅ ማጉያው ሹክሹክታ ይመጣል፣ ቀጥሎ ፀጉር የሚያስቆም ቀጭን ፉጨት ይጀምራል። ይህ ፉጨት 15 ሺህ 625 ኸርዝ ነው፤ 625 መስመር በሴኮንድ 25 ጊዜ ሲሣል የሚወጣ ድምፅ። ዕድሜያችሁ ገፋ ካለ ላይሰማችሁ ስለሚችል አጠገባችሁ ያለውን ወጣት ጠይቁት፤ እሱ «ይፏጫል» ካላችሁ የመስመር መውጫው ክፍል ሕያው ነው፣ ከፍተኛው ቮልቴጅም አብሮ አለ።

ትንሿ ባለ 12 ኢንች ስትመጣ ከፍላይባኩ በፊት ሬጉሌተሩን ለኩ። ከትራንስፎርመሩ 16 ወይም 18 ቮልት ገብቶ ወደ 11 ቮልት መውረድ አለበት። ያንን የሚያወርደው ትራንዚስተር (ብዙ ጊዜ 2ኤን 3055 ወይም መሰሉ) ሾርት ከሆነ ያ ሁሉ ቮልት በቀጥታ ወደ መስመር መውጫው ይሄዳል፣ ከፍተኛው ቮልቴጅ ከልኩ ይዘላል፣ ፍላይባኩ ይበሳል። አስተማማኙ ዘዴ ርካሽ ነው፦ መስመር መውጫውን አላቅቁና በቦታው የመኪና የፍሬን መብራት አምፖል፣ 12 ቮልት 21 ዋት፣ አስገቡ። አምፖሉ እየበራ ሬጉሌተሩ 11 ቮልት ላይ ረግቶ ከቆመ መልሳችሁ አገናኙት። የመስመር መውጫው ትራንዚስተር ቢዩ 406 ወይም 407 ሆኖ ታገኙታላችሁ፤ ይህ አሁንም ይሸጣል። በገጠር ሲሠራ የኖረ ዕቃ ከሆነ ባትሪ ተገልብጦ ተሰክቶበት ያውቅ እንደሆነ ጠይቁ፤ መልሱ ግማሹን ምርመራ ይቀንስላችኋል።

የተቀሩት ችግሮች የታወቁ ናቸው። መሐል ላይ አንድ ነጭ አግድም መስመር ብቻ ካለ የቁመት ክፍሉ ነው፤ በትንንሾቹ ላይ ቲዲኤ 1170 የምትባለዋን ቺፕ፣ አጠገቧ ያሉትን ካፓሲተሮችና የተሰነጠቀ ብየዳ እዩ። ያን መስመር ይዛችሁ ብሩህነቱን ከፍ አታድርጉ፣ ስክሪኑን በዚያው ያቃጥለዋል። ስዕሉ በጎን ከጠበበ የኃይል ቮልቱ ወርዷል። ጥቁር ጥላ ከታች ወደ ላይ የሚንሳፈፍ ከሆነ የማጣሪያው ካፓሲተር ነው። የቻናል ማዞሪያው ሲነካ ስዕሉ የሚጠፋ ከሆነ የማዞሪያውን ንክኪዎች ዘይት በማይተው የኮንታክት ማጽጃ እጠቡ። የፍላይባኩን እግሮች ግን ችግር ቢኖርም ባይኖርም እንደገና በይዷቸው።

ዕቃው ተነሳ እንበል። አሁን ምን ያያል? ደንበኛው ቤት ያለው ዲሽና ሪሲቨር ነው፤ ከሪሲቨሩ የሚወጣው ደግሞ ቴሌቪዥኑ የሚያውቀው ነገር አይደለም። መሐል ላይ ሞዱሌተር ያስፈልጋል፤ የሪሲቨሩን ቢጫና ነጭ ገመድ ተቀብሎ በቴሌቪዥን ቻናል የሚያሰራጭ ትንሽ ሳጥን ነው። ሪሲቨሩ ኤችዲኤምአይ ብቻ ካለው ከፊቱ ሌላ መለወጫ ጨምሩና ማብሪያውን ፓል ላይ አድርጉ። ስትገዙ ሁለት ነገር እዩ። አንደኛ፣ የድሮው ዕቃ ቪኤችኤፍ ብቻ የሚቀበል ከሆነ ዩኤችኤፍ ሞዱሌተር ምንም አይጠቅመውም። ሁለተኛ፣ የእኛ አገር ዕቃ ድምፁን የሚፈልገው ከስዕሉ 5.5 ሜጋኸርዝ ርቆ ነው፤ የእንግሊዝ አገሩ 6፣ የምሥራቅ አውሮፓው 6.5፣ የአሜሪካው 4.5 ነው። ጥርት ያለ ስዕል አይታችሁ ድምፅ ከሌለ ቴሌቪዥኑን መፍታት አትጀምሩ፣ ሞዱሌተሩን ቀይሩ። አንቴና መግቢያው ሁለት ጠፍጣፋ ሽቦ የሚቀበል ከሆነ ደግሞ ከ75 ወደ 300 ኦም የምትለውጠውን ትንሽ ባለን ጨምሩ።

ሪሲቨሩ ውስጥ ገብታችሁ የስክሪኑን ቅርጽ 4 በ3 አድርጉ፤ ካልሆነ ሰው ሁሉ ቀጥኖ ይታያል። የቀለሙን መጠን ዜሮ ማድረግ የሚቻል ከሆነ አድርጉት፤ የቀለሙ ምልክት ጥቁርና ነጭ ስክሪን ላይ ጥቃቅን ነጥብ ሆኖ ይታያልና። ከሥር የሚሮጥ የዜና ጽሑፍ በ12 ኢንች ላይ አይነበብም፤ ይህን ለደንበኛው ቀድማችሁ ንገሩት። ይልቅ ፊልም ወይም የድሮ ስፖርት በፍላሽ ጭናችሁ አሳዩት። ምሩጽ ይፍጠር በ1972 ዓ.ም. ሞስኮ ላይ በ5 ሺህና በ10 ሺህ ሜትር ሲያሸንፍ የአገራችን ስርጭት ገና ባለ ቀለም አልነበረም፤ ያን ሩጫ በዚህ ስክሪን ማየት አባቱን ላስታወሰ ሰው ከማንኛውም ዋስትና ይበልጣል። ለምግብ ቤቱ ባለቤት ደግሞ አንድ ቻናል ቀኑን ሙሉ እንዳይከፍት አስጠንቅቁት፤ የጣቢያው አርማ ጥግ ላይ ተቃጥሎ ይቀራል። ለፊልም ቡድኑ የምትነግሩት አጭር ነው፦ ካሜራው በሴኮንድ 25 ፍሬም፣ ሸተሩ 1/50 ይሁን፤ አለዚያ ስክሪኑ ላይ ጥቁር ባንድ ይሮጣል።

ከውጭ የመጣ ዕቃ ሲገጥማችሁ ከየት እንደመጣ ጠይቁ። ከአሜሪካ ሻንጣ ውስጥ ተጠቅልሎ የመጣ ቴሌቪዥን 110 ቮልት የሚፈልግ ብቻ ሳይሆን የሚሥለውም 525 መስመር በ60 ኸርዝ ነው፤ ስለዚህ ትራንስፎርመሩ 110 ቮልት የሚሰጥ፣ መለወጫውና ሞዱሌተሩ ደግሞ ኤንቲኤስሲ መሆን አለባቸው። እንግሊዝ አገር የኖረ ሰው የድሮ ባለ 405 መስመር ዕቃ ቢያመጣላችሁ ያለ ልዩ መለወጫ ስዕል አይሰጥም፤ ያ ስርጭት እዚያው አገሩም እ.ኤ.አ. በ1985 ተቋርጧል።

ስለ ሳጥኑ ብዙ አልልም። እንጨቱን በአዲስ ቀለም አትቀቡት፤ አቧራውን በእርጥብ ጨርቅ ጠርጉ፣ ትንሽ ሰም አሹ፣ ይበቃዋል። ጀርባው ላይ የተለጠፈውን ወረቀት በውሃ አትንኩት፣ የቫልቮቹ ቦታ የተጻፈው እዚያ ላይ ነው።

ሒሳቡን በሦስት ክፈሉት። የምርመራ ዋጋ መጀመሪያ ተቀበሉ፤ ቲዩቡ ሞቶ ቢገኝም የሚመለስ አይደለም። ቲዩቡ ጤነኛ መሆኑን ካረጋገጣችሁ የመለዋወጫውን ቀብድ ውሰዱ። የእጅ ዋጋው ስዕል ሲታይ ይከፈላል። በወረቀት ላይ የምትጽፉት ዋስትና ለቀየራችሁት ዕቃ ብቻ ይሁን፤ ለቲዩብና ለፍላይባክ ዋስትና የሰጠ ሰው የማይችለውን ቃል ገብቷል። ደንበኛውም በወር አንድ ጊዜ ለግማሽ ሰዓት እንዲያበራው ንገሩት፤ ተዘግቶ የሚቀመጥ ዕቃ የካፓሲተሩ ስስ ሽፋን መልሶ ይሳሳል።

በመጨረሻ አንድ ልመና አለኝ። ቆራሌው ጋ የሚደርሰው የድሮ ቴሌቪዥን መጀመሪያ የሚደርስበት ነገር፣ አንገቱ ላይ ያለውን የመዳብ ጥቅል ለማውጣት ቲዩቡ መሰበሩ ነው። ሰፈራችሁ ያለውን ቆራሌ አግኙትና ሳይሰበር ከመጣ ከመዳቡ ዋጋ በላይ እንደምትከፍሉት ንገሩት። የሚሠራ ቲዩብና ፍላይባክ ያለው ባለሙያም መደርደሪያው ላይ ቁጥሩን ጽፎ ያስቀምጥ፣ ሌላው ሲፈልግ ይሽጥለት።